ፊቷ የመሰከረባት ፈታይ

ዱሮ ነው። ዱሮም ቢሆን ከዱሮው ማዶ፤ ድንበር በገመድ ሳይሆን በእሬት ተክል የሚለይበት፣ ሰው ከወረቀት ይልቅ በመሐላ የሚያምንበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሰንበሌጥ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ትኖር ነበር። ተጠጉና ስሙ። ይህ የጌታ ወሬ አይደለም። የጌታ ወሬማ ራሱ በቅሎ ተጭኖ ይዞራል። የደሃ ወሬ ግን ሰው ካልተሸከመው ባለበት ይቀራል።

አንጓች ባል አልነበራትም። ልጅም አልነበራትም። የነበራት አንድ ጎጆ፣ አንድ እንዝርትና አንድ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ነው። የፈተለችው ድር አይበጠስም ይባል ነበር። በአረም ወራት ደግሞ በየሰዉ ማሳ እየዞረች ታርማለች፤ ማታ በቁና እህል ይሰፈርላታል፤ ያንን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ከሰው ሠርግ መጨረሻ ትገባለች፣ ከሰው ለቅሶ መጨረሻ ትወጣለች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ስሟን የሚያነሣ የሚፈተል ጥጥ ያለው ብቻ ነው።

አጥሯን የምትጋራት ጎረቤቷ ደብሬ ናት። ደብሬ ደግሞ ዓይኗ ከአጥር በላይ የሚውል ሴት ናት። በሰንበሌጥ አፋፍ ዶሮ እንቁላል ልትጥል ስትል ዶሮዋ ሳታውቅ ደብሬ ታውቃለች ይሏት ነበር። ማን ከማን ተጣላ፣ የማን ወጥ ቀጠነ፣ የማን ልጅ ሆድ ገፋ፣ ሁሉ ደብሬ ጋ ነው። ያየችውን ትናገራለች። ያላየችውንም ትናገራለች። በዕድሜዋ በአንድ ነገር ብቻ ዝም አለች፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚያ ነው።

ከመንደሩ በታች ውብሸት የሚባል ደግ ገበሬ ነበር። እሱ ሲሞት አንዲት ሴት ልጁ ዘርፌ ብቻዋን ቀረች። ከአባቷ ሁለት ጥማድ የሚሆን የጤፍ መሬት ወረሰች። የመሬቱ ጎረቤት ደምስ ነው። ደምስ የመንደሩ ጭቃ ሹም ነው፤ ግብር የሚሰበስበው እሱ፣ ሽማግሌ የሚያስቀምጠው እሱ፣ የሚፈራው እሱ። ውብሸት በሞተ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ደምስ የድንበሩን እሬት አስነቀለና ወደ ዘርፌ ማሳ ሠላሳ እርምጃ ገብቶ አስተከለው። ዝናቡ ጣለበት። እሬት እንደሆነ የትም ቢተክሉት ይበቅላል፤ አደገ።

ዘርፌ ብትጮህ ማን ይሰማታል? አባቷ የለ፣ ወንድም የላት። ሽማግሌዎቹ ምስክር አምጪ አሏት። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ መንደሩ ሁሉ ግን የደምስ መሬት ላይ ያርሳል። አንዱ አላየሁም አለ። አንዱ ረሳሁ አለ። አንዱ ያን ቀን ገበያ ነበርኩ አለ፤ ያን ቀን ገበያ እንደሌለ ሁሉም እያወቀ።

አንጓች ግን አውቃለሁ አለች። እሬቱ መጀመሪያ ሲተከል ችግኙን በጀርባዋ ያዘለችው እሷ ነበረች። ውብሸት ይቆፍራል፣ እሷ ታቀብለዋለች። ከኮሶው ዛፍ ጀምሮ እስከ ምንጩ ድረስ። ይህንን እናገራለሁ አለች።

የሰንበሌጥ አፋፍ ወግ እንዲህ ነው። ምስክር በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይቆማል። ነጠላውን ያደገድጋል። እንዲህም ይላል፦ «ሐሰት ብናገር አፌ ይጣመም፣ ዓይኔ ይፍሰስ።» ከዚያ ሰባት ቀን ይጠበቃል። በሰባቱ ቀን ምንም ካልደረሰበት ቃሉ ቃል ነው። አንዳች ከደረሰበት ግን እግዜር ፈርዷል ማለት ነው። ማሳውን ሄዶ የሚያይ ሽማግሌ የለም፤ የምስክሩን ፊት ያያሉ፣ በቃ።

ከመሐላው በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ደብሬ እንደ ልማዷ በአጥር ብቅ አለች። አንጓች ግራ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ተቀምጣ አየቻት።

«ምነው እቴ፣ ጥርስሽን ነው?» አለቻት ደብሬ።

«ከጆሮዬ ኋላ ነው። ትናንት ጀመረኝ፣ ይወጋኛል። ደግሞ የሚበላው ሁሉ ጣዕም አጣብኝ። ሽሮው ላይ ሦስቴ ጨው ብጨምር ያው ጭቃ ጭቃ ይለኛል።»

«ወቸ ጉድ፣ ጨው በአሞሌ በሚሸጥበት አገር ሦስቴ ትጨምሪያለሽ? መሐላውን ፈርተሽ ነው እንጂ።»

«እውነት ምን ያስፈራል?» አለች አንጓች።

ደብሬ ዓይኗ ስለት ነው። የአንጓች ግራ ዓይን ከቀኙ ዘግይቶ ሲርገበገብ አየች። አየችና ወደ ጓዳዋ ገባች። ነገር አላደረገችውም።

አንጓች በማግስቱ ማለች። እሬቱ የት እንደነበር ተናገረች። ከኮሶው እስከ ምንጩ፣ አለች። ደምስ በበቅሎው ላይ ሆኖ ሰማ። ሁለት ሰዎቹን ደጃፏ ላይ አስቀመጠ፤ ጠባቂ ናቸው፣ ወግ ነው። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። አንጓች ስትፈትል ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በቅል ውሃ ጠጣች። ውሃው በግራ አፏ ጥግ ፈሰሰና ደረቷ ላይ ወረደ። ጠረገችው። ደግማ ጠጣች፣ ደግሞ ፈሰሰ። ጠባቂዎቹ ተያዩ። አንዱ ስሟን ጠራት። አቤት ስትል አፏ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ግራ ጉንጯ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠለጠለ። ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ ቀኙ ተጨፈነ፣ ግራው ነጩን ገልብጦ ክፍቱን ቀረ።

ጠባቂው ሮጠ። ሽማግሌዎቹ መጡ። መንደሩ መጣ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ቢሻው ነበር፤ ዓይኑ ደከም ያለ፣ ጋቢው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ሰው። ተጠግቶ አያት። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ አልጠየቀም። ያምሻል ወይ ብሎ አልጠየቀም። አያትና ተመለሰ።

«እግዜር ፈርዷል፤ እኛ ምን እንጨምራለን?» አለ።

ደብሬ ከሰዉ መሐል ነበረች። ከመሐላው በፊት እንዳመማት ታውቃለች። ከአጥር ወዲያ ሆና ሰምታለች፣ በዓይኗም አይታለች። አፏን ከፈተች። ባሏ እግሯን ረገጣት። ባሏ በደምስ መሬት ላይ እኩል አራሽ ነው። ደብሬ አፏን ዘጋች።

በሐሰት የከሰሰ ደግሞ በመሬቱ ይካሳል ተባለና፣ ሠላሳው እርምጃ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ጥማድ መሬት በሙሉ ለደምስ ተፈረደ።

አሁን ሁለተኛውን በደል ስሙ፤ ከመጀመሪያው ይከፋል።

ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ ዘርፌ ወደ አንጓች ቤት መጣች። ልብሷን ቋጥራለች። ወደ ቆላ ወርዳ ለሰው ቤት ልታድር ነው፤ መሬት የሌላት ልጅ ሌላ ምን ታደርጋለች? አንጓች ግራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተነሥታ ሳመቻት። ልጅቱ አለቀሰች። እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«እቴ አንጓች፣ ለእኔ አዝነሽ ነው አይደል የዋሸሽው?»

አንጓች መልስ ልትሰጣት አፏን ከፈተች። ያን ሰሞን አፏ ቃል አይዝላትም ነበር፤ «በ» እና «መ» በከንፈሯ ጥግ እየሾለኩ ይወጡባት ነበር። አልዋሸሁም ለማለት ሞከረች። ምራቋ ቀደማት። ልጅቱ ዓይኗን ሰበረች፤ አፈረችላት። «ግድ የለም እቴ፣ እኔ አልቀየምሽም። ስለ ነፍስሽ እጸልይልሻለሁ» ብላ እጇን ስማት ወጣች።

አስቡት። መንደሩ ዋሸች ቢል ይቻላል። የማለችላት ልጅ ራሷ ዋሸሽልኝ ስትል ግን ምን ይባላል? አንጓች ያን ቀን አልፈተለችም ይላሉ። በዕድሜዋ ያልፈተለችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሐኪም ነኝ ባዩ መጣ። አንዱ የሌሊት ወፍ ሸንታባት ነው አለ፣ አንዱ ጋኔን በጥፊ መቷት ነው አለ። ወጌሻው መኩሪያ ግን መድኃኒቱ ብረት ነው አለ። መኩሪያ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ፊት ግን አጥንት አይደለም። የማጭዱን ጫፍ ከፍም አውጥቶ የወደቀውን ጉንጯን በሦስት ቦታ ተኮሰው። ይሰበስበዋል አለ። ሰበሰበው እንጂ፤ ቆዳዋ ተኮማትሮ እንደ ተቃጠለ ቁርበት ሆነ። አንጓች አልጮኸችም። የምትጮህበትም አፍ አልነበራትም።

ሴቶች ጽዋ ሲጠጡ የሷን ዋንጫ ለይተው ያስቀምጡ ጀመር። ምንጭ ስትወርድ እንስራቸውን ያነሡባታል። ልጅ ሲዋሽ እናት፣ «አፍህ እንደ አንጓች ይዙር» ትላለች። ጥጡን ብቻ አልከለከሏትም። ድሯ አይበጠስማ። የሐሰተኛ ድር ነው ብሎ ጋቢውን ያወለቀ ሰው አልታየም።

አንጓች ከራሷ በቀር አስታማሚ አጣች። ስለዚህ ራሷን ማጥናት ያዘች። ፈታይ ታጋሽ ናት፤ ቀጭን ነገር የማየት ዓይን አላት። በመጀመሪያ ያስጨነቃት አፏ ሳይሆን ዓይኗ ነው። የማይከደን ዓይን አቧራ ይገባዋል፣ ጭስ ይገባዋል፤ ቀላ፣ ቆረቆረ፣ ደረቀ። ይህ ዓይን ካልተሸፈነ ይጠፋል አለች በልቧ። እየፈተለች፣ እንዝርቱ በዞረ ቁጥር፣ በጣቷ የዓይኗን ቆብ እየሳበች ትከድነዋለች። ስትተኛ የተነደፈ ንጹሕ ጥጥ በጨርቅ ጠቅልላ ከተጨፈነው ቆብ ላይ ታስረዋለች። ከቤት ስትወጣ ነጠላዋን ታወርድበታለች።

ቀጥላ ፊቷን ያዘች። ጨርቅ በምጣድ ዳር ታሞቃለች፣ መጀመሪያ በክንዷ ትለካዋለች፣ ከዚያ ጉንጯ ላይ ታኖረዋለች። ለጋ ቅቤ ቀብታ ከአፏ ጥግ ወደ ጆሮዋ ቀስ አድርጋ ታሻለች። የሚበላውን በደህናው በኩል ታላምጣለች፤ ከበላች በኋላ በጉንጯ የቀረውን በጣቷ ታወጣለች። በገንዳ ውሃ ላይ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታያለች፤ ቅንድቧን ለማንሣት፣ ጉንጯን ለመንፋት፣ ለማፏጨት ትሞክራለች። ደብሬ በአጥር ሆና ያንን ታያለች። ለብቻዋ ታፏጫለች ብላ ለመንደሩ ታወራለች። ሌላውን ግን አታወራም።

አንድ ወር አለፈ፣ ምንም የለም። ሁለት ወር አለፈ፣ ቅንድቧ ጫፉ ላይ ነዘር አለ። በሦስተኛው ወር ዓይኗ ግማሹን ተከደነ። በአምስተኛው ወር ውሃ ጠጥታ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ፊቷ ተመለሰ። ብረት የነካው ቦታ ብቻ አልተመለሰም። ሦስቱ ጠባሳ ጉንጯን ሳቡት፤ አፏም በዚያው ትንሽ ዘንበል ብሎ ቀረ። «በሽታው የወሰደውን መለሰ፤ ብረት የወሰደውን አልመለሰም» ያለችው ያን ጊዜ ነው።

ይህንን ሰው እያየ ሄደ። አንድ ሸማኔ ፊቱ ወድቆ በጓሮ በር መጣ። አራስ የሆነች ልጅ መጣች። ማንም በፊት ለፊት አይመጣም፣ ሁሉም በጓሮ ነው። አንጓች ተቀብላ ታስተኛለች፤ ዓይን ትሸፍናለች፤ ጉንጭ ታሻለች፤ ብረት አታስነካም። አብዛኛው ይድናል። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ አይድንም፤ ዓይኑ ግን ይተርፋል።

መጀመሪያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታደርጋለች። ሁለት እጅህን አንሣ ትላለች። ቅንድብህን አንሣ ትላለች። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አመጡላት፤ አፉ ተጣሟል፣ ግንባሩ ግን በሁለቱም በኩል ይሸበሸባል፣ ቀኝ እጁን አንሣ ቢሉት ወደቀ። «ይህ የእኔ አይደለም፤ ይህ ከውስጥ ከራስ የመጣ ነው። እኔን ደጅ አትጥኑ፣ ትልቅ ሐኪም ወዳለበት ቶሎ ውሰዱት» አለቻቸው። የማታውቀውን አላውቅም ትላለች። በሰንበሌጥ አፋፍ ይህንን የሚል ሰው ብርቅ ነበር።

ሦስተኛው በደል እነሆ።

በአራተኛው ዓመት ደምስ ልጁን ሊድር ደገሰ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት ተነሥቶ ሊጉመጠመጥ ውሃ ቢይዝ ውሃው በአፉ ጥግ ወረደ። ሚስቱ ወይዘሮ አሰገደች ቀና ብላ አየችው። የጭቃ ሹሙ ፊት በቀኝ በኩል ወርዷል። ያ ሰው የሚፈራው ዓይኑ ክፍቱን ቀርቶ እንባ ያፈሳል።

ምን የተባለ ይመስላችኋል? እግዜር ፈረደ የተባለ እንዳይመስላችሁ። ወይዘሮ አሰገደች ብርድ ነው አለች። በበቅሎ ላይ አልቦት ሳለ ነፋስ ገብቶበት ነው አለች። አያ ቢሻው መጥቶ አየና፣ አዎ ብርድ ነው፣ ይህ ሰሞን ብርዱ ጸንቷል አለ። ደብሬ ሳትቀር ብርድ ነው ብላ አወራች። የደሃ ፊት ሲወድቅ ፍርድ፤ የጌታ ፊት ሲወድቅ ብርድ።

መኩሪያ ማጭዱን ይዞ መጣ። ፍም ተነፋ። ወይዘሮ አሰገደች ግን የአንጓችን ጉንጭ አስታወሰች። ባሏን እንደዚያ ሆኖ ከሙሽራይቱ አጎቶች ፊት አስባ ዘገነናት። አሽከር ወደ አንጓች ላከች። ያውም በጓሮ አይደለም፤ ቸኩላ ስለነበር በፊት ለፊት ላከች።

አንጓች እንዝርቷን አስቀምጣ መጣች። ገብታ ቆመች። ደምስ መደቡ ላይ ተጋድሟል። መኩሪያ አጠገቡ ተንበርክኳል፤ የማጭዱ ጫፍ ቀልቷል። አንዲት ቃል ባትናገር ይበቃ ነበር። ዘግይታ መጥታ ቢሆን፣ እንቅፋት መትቷት ቢሆን፣ ዝም ብላ ቢሆን፣ ያ ብረት ጉንጩ ላይ ያርፍ ነበር። ዝም ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ መንደሩ አስተምሯታል። ብረቱን አየችው። ሽታው ትዝ አላት፤ የገዛ ጉንጯ ሽታ።

«ብረቱን አውጡት» አለች።

አወጡት። ደምስን ሁለት እጅህን አንሣ አለችው፤ ጭቃ ሹሙን አንተ አለችው፣ ማንም አልተቆጣም። ሁለቱን አነሣ። ግንባርህን ሸብሽብ አለችው፤ በቀኝ በኩል እንቢ አለ። «የእኔው በሽታ ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ዓይንህ አይጠፋም። አስታምምሃለሁ። ዋጋዬ ግን አንድ ነው። ስትድን ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመህ ይህ በሽታ እንጂ ፍርድ አይደለም ትላለህ።»

ደምስ በተጣመመ አፉ እሺ አለ። በልጁ ሠርግ ማለ። ምራቁ ጢሙ ላይ እየወረደ ማለ። ወይዘሮ አሰገደች ምስክር ሆነች።

አንጓች ሁለት ወር ሙሉ ተመላለሰች። ሠርጉ ለጥምቀት ሰሞን ተላለፈ። ጨርቅ አሞቀች፣ ዓይኑን ሸፈነች፣ የዚያን ሰው ጉንጭ በገዛ ጣቷ አሸች። አንዳንድ ቀን ሕፃን እንደሚያለማምዱ አፉን አሹሎ እንዲያፏጭ ታስተምረዋለች። የእልፍኙ ሴቶች ይሥቃሉ። ደምስ ይቆጣል። እሷ ደግማ ታሳየዋለች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ደምስ አፏጨ። ፊቱ እንደ ተወለደ ቀን ሆኖ ተመለሰ። ምልክት እንኳ የለበትም፤ ብረት አልነካውማ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንጓች ከሴቶቹ መጨረሻ ቆመች፤ ያን ቀን ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ነበር። ደምስ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምታውቁት ስሜን የሚያጠፉ ነበሩ» አለ። «የሰው መሬት ገፋ ያሉኝ ነበሩ። እግዚአብሔር ሊመረምረኝ ፊቴን ጣለ። መርምሮም መለሰልኝ። ሐሰት ቢኖርብኝ ፊቴ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ይመለስ ነበር? ሐሰት ያለበትን ፊት እነሆ እዩት።»

በከዘራው ወደ አንጓች አመለከተ።

ሰዉ ዞሮ አየ። የደምስን ፊት አየ፤ ንጹሕ ነው። የአንጓችን ፊት አየ፤ ሦስት ጠባሳ አለበት፣ አፉ ዘንበል ብሏል። ንጹሑን ያነጻችው እሷ ናት። ብረቱን ያስወጣችው እሷ ናት። ያተረፈችው ፊት መሰከረባት። ወይዘሮ አሰገደች መሬት መሬት አየች፤ ለልጇ ሠርግ የሰፋችውን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ደብሬ ባሏ አጠገቧ አልነበረም፣ እግሯንም የረገጣት የለም፤ እሷም መሬት መሬት አየች።

አንጓች ወደ ፊት ወጣች። ሴት በዚያ ደጃፍ ሳትጠራ አትወጣም፤ እሷ ወጣች።

«አራት ዓመት ፊቴን አያችሁ» አለች። «ዛሬ ደግሞ የሱን አያችሁ። እሬቱ የተነቀለበት ጉድጓድ አለ። ከኮሶው እስከ ምንጩ ሃያ ሦስት ጉድጓድ አለ። ከዚህ እስከዚያ የአንድ ጥሪ መንገድ ነው። ከእናንተ ሄዶ ያየ ማን ነው?»

አያ ቢሻው ፀሐዩ በረታ አለ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ወደ ማሳው የሄደ የለም። ወደ ደምስ ቤት ግን ሄዱ፤ ለመዳኑ በግ ታርዶ ነበር።

አንጓች ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት እየፈተለች ኖረች። ፊቱ የወደቀ ሲመጣባት ዓይኑን ሸፈነች። ስለ መሬቱ ዳግመኛ አላነሣችም። ከዕለታት አንድ ቀን በጠዋት እንዝርቷ ወድቆ ተገኘ፣ እሷም ከጎኑ።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው አልመጣም። የመጣውም ቶሎ ቀብሮ ሊሄድ ነው። አልቃሽ አልተጠራላትም። ያን ጊዜ ደብሬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከመሐል ገባች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የለቅሶ ግጥም ደግሞ ሕግ አለው፦ ሴት በሙሾ ያለችውን ማንም ከልክሎ አያስቆማትም። ደረቷን መታች፣ እንዲህም አለች፦

«ከመሐላው በፊት ጆሮዋን ሲያማት፣
እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ የጣልኳት።
ምላስሽ አልዋሸም፣ ፊትሽ ነው የታመመው፤
ምላሴ ነው የእኔ፣ ሳይታመም የጠመመው።»

አንድ ጊዜ አለች። ሁለተኛ አለች። በሦስተኛው ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። አያ ቢሻው አርጅቶ በልጅ ተይዞ ነበር የመጣው። ከመሐላው በፊት ነው የምትይው ብሎ ጠየቃት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። አዎ፣ ሁለት ቀን ቀድሞ አለችው። ሽማግሌው ግን በሙሾ መሬት አይመለስም አለና ቤቱ ገባ።

ሴቶቹ ግን አልተዉትም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የድንበር ጠብ ተነሣ፤ ምስክር ሊምል ቆመ። ደብሬ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። ነጠላ ዘረጉና ከምስክሩና ከሽማግሌዎቹ መሐል ያዙት። ቃሉን ስሙ፣ ፊቱን አታዩም አሏቸው። ቃሉን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሄዳችሁ ማሳውን እዩ አሏቸው። ወንዶቹ ሣቁ። ሴቶቹ ክንዳቸው እስኪዝል ይዘው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ቢጨንቃቸው ሰሟቸው።

እስከ ዛሬ በሰንበሌጥ አፋፍ ምስክር ከነጠላ ጀርባ ነው የሚናገረው። ነጠላው «የአንጓች መጋረጃ» ይባላል። ሰባቱ ቀን ጥበቃ ቀርቷል። ፊቱ የወደቀ ሰው ላይ ብረት የሚያነሣ ወጌሻ በዚያ አገር እንጀራ የለውም፤ ጎረቤት የተነደፈ ጥጥ ይዞ ይመጣል፣ ዓይኑን ይሸፍንለታል፣ ሁለት እጅህን አንሣ ይለዋል። ሳይመረምር በመልክ የሚፈርድ ሰው ሲያጋጥማቸውም፣ «ፊቷን ከምታይ ጉድጓዱን ሄደህ እይ» ይሉታል።

መልካም ነው አይደል? ጥሩ ወግ ነው። መጋረጃውን በየዓመቱ የሚያመጡት የደምስ የልጅ ልጆች ናቸው። ጥሩውን፣ ጥበቡ ሰፊ የሆነውን ያመጣሉ። የአንጓችን ታሪክ ከማንም በላይ አሳምረው ያወራሉ፤ ሲያወሩም ያለቅሳሉ። ሁለቱን ጥማድ ግን ያርሱታል። ዘንድሮም ጤፍ ነው የዘሩበት፣ ጥሩ ይዟል።

ዘርፌን የፈለገ አልነበረም። ቆላው የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ገበያተኛ በየሳምንቱ ይወርዳል። መንደሩ ሁሉ እውነቱን ካወቀ በኋላ እንኳ ለእሷ የነገራት የለም። እዚያው አርጅታ ሞተች አሉ። እስክትሞት ድረስ ከምታገኛት ጥቂት ነገር ለነዳያን ትመጸውት ነበር አሉ። ለማን ነፍስ ነው ሲሏት፣ «ለአንዲት ደግ ሴት ነው፤ ለእኔ ስትል በሐሰት ምላ ፊቷ ወደቀ፤ እግዜር ይቅር እንዲላት ነው» ትላቸው ነበር።

እንግዲህ የሰማ ይሂድ። ያልሰማም ካለ፣ የሰማው ይንገረው።